ሰባቱ አስፋልት ዳር፣ አንዱ ወንዝ ዳር

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30፤ አያት

ከአያት ፒያሳ ለሄደ ሰው የጉዞ ማስታወሻ መጻፍ ምን የሚሉት ነው የሚል አይጠፋም። ይበል። ጎንደርም ሐረርም ደርሼ ተመልሻለሁ፤ እንደዚያ ቅዳሜ ግን እየፈራሁ የተጓዝኩበት ቀን የለም። የወጣሁት ስምንት ሰሌዳ ፍለጋ ነው። ስምንቱም ቆመው ካላገኘኋቸው ሰኞ ሥራዬን አጣለሁ፤ ነገሩ ከከፋም እታሰራለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ስጠብቅ አንዲት ስቴፕለር ጎድላብኝ አታውቅም። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ዕቃ ሳልቆጥር አልቀበልም፤ ቆጥሬም እቤቴ ስገባ በልቤ እንደገና እቆጥረዋለሁ። ሙሉ፣ ሚስቴ፣ «አንተን ያገባሁ ቀን እኔንም ሞዴል 19 ቆርጠህ ነው ገቢ ያደረግኸኝ» እያለች ታሾፍብኛለች። ታዲያ ይኸው ሰውዬ ሰኔ 30 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያላየውን ዕቃ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈረመ።

መሥሪያ ቤታችን ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰቀል በጀት ይዞ ነበር። በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚቆሙ፣ በብረት እግር ላይ ባነር የሚወጠርባቸው ስምንት ትልልቅ ሰሌዳዎች። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ቆይቶ የተፈቀደው ሰኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሰኔ 30ን ያውቃታል። ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገ መሥሪያ ቤት ደግሞ «መሥራት አልቻላችሁም» ተብሎ የከርሞው ይቀነስበታል። ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን አገር በሙሉ ሲፈርም ይውላል። የርክክብ ኮሚቴያችን ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ ፈርመው ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ። ባነሮቹ ገና ማተሚያ ቤት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያችን አቶ ጌታሁን ራሴ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሙ፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው፤ በሳምንቱ ይሰቀላል እኮ» አለኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሠራው። ፈረምኩ። ፊርማዬ ቀጥ ብላ አምራ ወጣች።

ይኸው ሐምሌ ሊያልቅ ነው። ዓርብ ከሥራ ልንወጣ ስንል፣ «ሰኞ ኦዲተሮች ይመጣሉ፤ ሰሌዳዎቹን ቦታቸው ድረስ ሄደው አንድ በአንድ ያያሉ» ተባለ። ክው ብዬ ቀረሁ። አቶ ጌታሁን «ተሰቅሏል፣ ፎቶ አለ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ፎቶው ላይ ያለው ስምንት ሰሌዳ ይሁን፣ አንዱ ሰሌዳ ስምንት ጊዜ ተነሥቶ ይሁን መለየት አቃተኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ዝርዝሩን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ስወጣ ሙሉ ዣንጥላ አስያዘችኝና፣ «ብታገኛቸውም ባታገኛቸውም ምሳ ብላ» አለችኝ።

2፡40፤ መንገድ ላይ

ከአያት መገናኛ በሚኒባስ ሃያ ብር፤ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሌላ ሃያ ብር። ሁለተኛው ታክሲ ላይ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። በማሲንቆ የታጀበ ድምፅ «ውድ አድማጮች፣ ክረምቱ ገብቷል፣ ከጎርፍ ራሳችንን እንጠብቅ» እያለ ይለፈልፋል። የእኛው ነው። የሬዲዮው በሌላ ኮሚቴ ስለተፈረመ እንጂ የዚያው በጀት ወንድም ነው። ሰሌዳው አንዱ ብቻ የእኔ የአምስት ወር ደመወዝ እንደፈጀ አውቃለሁ፤ የሬዲዮውን ስንት እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌም አላውቅ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ «ጎርፍም ማስታወቂያ ጀመረ? ድሮ እኮ ዝም ብሎ ነበር የሚመጣው» አለች። ታክሲው በሳቅ ሞላ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳል ነው።

3፡15፤ አራት ኪሎ

ወርጄ አስፋልቱን ሳልሻገር አንደኛውን አየሁት። እግዚአብሔር ይመስገን ቆሟል! ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ። ሄጄ የብረት እግሩን በእጄ ዳበስኩት፣ ነቀነቅሁት፣ ዞሬ ጀርባውን አየሁ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፤ አራቱም በአንድ ቢጫ ዣንጥላ ሥር ተጠግተው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። በትልቁ «ጎርፍ ሳይቀድመን እንዘጋጅ!» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ «በወንዝ ዳር የምትኖሩ ወገኖች፣ ዝናብ ሲበረታ ወደ ከፍታ ቦታ ውጡ።» ፎቶ አንሥቼ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሁለተኛውም ከዩኒቨርሲቲው አጥር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ወዳሉበት ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

ተማሪዎች ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ፤ ቀና ብሎ የሚያነብ አላየሁም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ እያፏጨሁ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

3፡50፤ ራስ መኮንን ድልድይ

ፉጨቴ አፌ ላይ ቀረ። ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛው «ራስ መኮንን ድልድይ» ይላል። ድልድዩ አለ። ሁለት የብረት እግርና ባዶ ፍሬም አለ። ሰሌዳው የለም። አንዱ ጥግ ላይ የእጄን መዳፍ የምታህል ብጣሽ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች፤ ቢጫ ናት፣ የዣንጥላው ጫፍ።

ዝናብ ሳይኖር ጀርባዬ ላይ ውኃ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ላብ ነው። ከብረቱ ሥር ካልሲና የፀጉር ማስያዣ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሁለት ጥንድ ካልሲ በመቶ ብር ገዛኋትና እንደ ዘበት ጠየቅኋት።

«እኔ እምለው እናቴ፣ እዚህ ጋ ማስታወቂያ አልነበረም?»

«ነበረ። ነፋስ ወሰደው።»

«መቼ?»

«ሐምሌ አጋማሽ ላይ። ያን ቀን ዕቃዬንም ወስዶብኝ ነበር፣ ማን ጠየቀኝ?»

«ወዴት ወሰደው ታዲያ?»

በከንፈሯ ወደ ታች አመለከተችኝ። «ወደ እሪ በከንቱ ነዋ። እንደ ካይት ተንሳፍፎ ሲሄድ ሰዎቹ ያውና አባወራው በረረ እያሉ ሲስቁ ነበር። የወደቀበት ሰው ወስዶታል።»

ከድልድዩ አጎንብሼ አየሁ። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ከላስቲክና ከቅርንጫፍ ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ግራና ቀኙን ቤት በቤት ላይ ተደርቧል። ያ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁበት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ወርጄ አላውቅም። አሁን ወርጄ የሰው በር እያንኳኳሁ «የመንግሥት ንብረት ወስዳችኋል» ልል? ፈራሁ። መጀመሪያ የቀሩትን ልይ ብዬ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሽሽት ነው።

4፡30፤ ፒያሳ

ፒያሳን ሳውቃት ሰው በሰው ላይ የሚራመድባት ነበረች። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ አሮጌው ቤት ሄዶ፣ አምፑሉ ተደርድሮ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሣባታል። ውበቷ አይካድም፤ እኔ ግን ድሮ የማውቀውን ሱቅ ፈልጌ ያለሁበት ጠፍቶብኝ ሁለቴ ዞርኩ። ሰሌዳዎቹን ለማግኘት ግን አልተቸገርኩም። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፤ አራቱም በዋናው መንገድ ዳር ተራርቀው ቆመዋል። ስምንተኛው ወደ ጊዮርጊስ መውጫው ላይ ነው። አምስት ቢጫ ዣንጥላ፣ ሃያ የሚስቅ ሰው።

ስምንተኛውን ፎቶ ሳነሣ መኪና የሚያስቆም ሰው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ መጥቶ አጠገቤ ቆመና እሱም ቀና ብሎ አነበበ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ነው?»

«ለምን ጠየቅኸኝ?» አልኩት፣ ድምፄ ቀጥኖ።

«አይ፣ ግራ ገብቶኝ ነው። እዚህ ጎርፍ ከደረሰ እኮ ጋሼ፣ ኖኅ ራሱ መርከቡን ሽጦ ይሰደዳል።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ደነገጥኩ። ለካ እስካሁን ስቆጥር እንጂ ሳነብ አልነበረም። «በወንዝ ዳር የምትኖሩ ወገኖች» ይላል። ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ወንዝ የለም። አራት ኪሎም የለም። ሰባቱም ሰሌዳ የቆመው የአለቃ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ነው። «ለምን እዚህ ተሰቀለ?» አልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«እታች ቢሰቀል ማን ያየዋል?» አለኝና ፊሽካውን እየነፋ ወደ መኪናው ሮጠ።

ዝርዝሩን ከላስቲኩ አውጥቼ የውሉን ቃል ፈለግሁ። «በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ለሕዝብ ዕይታ አመቺ በሆነ ቦታ» ይላል። ወንዝ የሚል ቃል የለበትም። ማንም አላጠፋም። ሰባቱ በወረቀቱ መሠረት ትክክል ናቸው፤ ጥፋተኛ የሚሆነው የጠፋው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የእኔ ነው።

5፡20፤ አንድ ኬክ ቤት

ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ሰባ ብር። ሁለቴ እንደተጎነጨሁ ስልኬ ጮኸ። አቶ ጌታሁን ነው።

«ስንት አገኘህ?»

«ሰባት።»

«ተመስገን! የቀረው አንዱስ?»

«ነፋስ ወስዶት ወንዝ ዳር ወድቋል አሉኝ። ሰው ወስዶታል።»

«እሱማ ቀላል ነው። ካለበት አምጣውና እሑድ እናስረዋለን። ሰኞን ብቻ ይቁም፤ ማክሰኞ የፈለገው ይውሰደው።»

«ሌላ ብናሳትምስ?»

«በየትኛው በጀት? ሐምሌ ነው እኮ ወንድሙ! አዲሱ ገና አልተለቀቀም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ስለራሴ አይደለም። ሰብሳቢ ነኝ፣ የቀረበልኝን ነው የፈረምኩት እላለሁ። አንተ ግን የንብረት ሰው ነህ። ቆጥረህ ነው የምትረከበው። የጡረታህ ጊዜም ቅርብ ነው።»

ማኪያቶውን ሳልጨርስ ሒሳብ ከፍዬ ትቼው ወጣሁ። ምሳም ረሳሁ።

7፡00፤ እሪ በከንቱ

የሚወርደው ደረጃ ሙልጭልጭ ብሏል። ዣንጥላዬን እንደ ምርኩዝ እየተከልኩ ወረድኩ። ላዬ ላይ ገና አልዘነበም፤ በእንጦጦ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። በየደጃፉ ሰዎች «ማንን ፈለጉ?» ይሉኛል፤ «ዝም ብዬ ነው» እላለሁ። ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው መምሰሌን እንጃ፤ ከረጢት ይዤ ጣራ ጣራ እያየሁ ነው።

አየሁት። በዛገው ቆርቆሮ መሀል ነጭ ሆኖ ያበራል። ከውኃው አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ካለች አንዲት ቤት ጣራ ላይ ጀርባውን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ተዘርግቷል፤ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል። በሩን አወቅሁት። የእትዬ ዘይነባ ቤት ነው።

እትዬ ዘይነባ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። በወጣትነታቸው ከደሴ መጥተው እዚያው ሰፈር የቀሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ ስትታመምም እቤታቸው እያደርኩ ነው የተማርኩት። አንኳኳሁ። ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና አሉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«ማነህ አንተ? ቁም እስቲ... የአስካለ ልጅ! ወንዴ!»

«ነኝ እትዬ።»

«ያረቢ! ፀጉርህን ምን በላው?» ጉንጬን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሳሙኝ። ሻይ ቀዱልኝ፣ አምባሻ ቆረሱልኝ። እናቴን አንሥተው ትንሽ አለቀሱ። እኔ ግን ቀና ለማለት ፈርቼ ጉልበቴን እያየሁ ነበር።

መጨረሻ ላይ ቀና አልኩ። ከአልጋቸው በላይ ያለው ቆርቆሮ በስብሶ ወድቋል፤ በዚያ በኩል ጣራ የሚባለው ባነሩ ብቻ ነው። ከወራጅ እንጨቶቹ ጋር በገመድ ታስሯል፤ ነፋስ የቀደደውን በማዳበሪያ ክር ጥቅጥቅ አድርገው ሰፍተውታል። በወራጆቹ መሀል አባት፣ እናትና ሁለቱ ልጆች ቁልቁል አልጋውን እያዩ ይስቃሉ።

«አየሃቸው?» አሉኝ፣ ዐይኔን ተከትለው። «አላህ ነው የላከልኝ። ዘንቦብኝ ዘንቦብኝ ፍራሼ ሻግቶ ነበር። የጎረቤት ጎረምሶች ጎትተው አምጥተው አለበሱልኝ። ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጉልኝ ያልኩ እኔ ነኝ። ብቻዬን አይደለሁ? ማታ ስጋደም አያቸዋለሁ። ሲስቁ ደስ ይላሉ።» ከዚያ ዐይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ጽሑፉ ምን ይላል? እኔ እንደሆነ ከቁጥር በቀር አላውቅ።»

አነበብኩላቸው። «በወንዝ ዳር የምትኖሩ ወገኖች፣ ዝናብ ሲበረታ ወደ ከፍታ ቦታ ውጡ።»

«እኔን ነው እንዴ?»

«አዎ እትዬ።»

«የት ውጡ ይላል?»

ጽሑፉን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየሁት። አይናገርም። እኔም አላውቅም። ስምንት ሰሌዳ፣ የአንዱ ዋጋ የእኔ የአምስት ወር ደመወዝ፤ የመጀመሪያዋ ሰው ለጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ የለውም። ስንት ቆርቆሮ ይገዛ እንደነበር ሒሳብ ጀመርኩና ፈርቼ ተውኩት።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። አላነሣሁትም። ከዚያ የሠራሁትን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሆነውን ልጻፍ ብያለሁ። «እትዬ፣ ይሄ ባነር የመንግሥት ነው» አልኳቸው። «ተረክቤያለሁ ብዬ ፈርሜበታለሁ። ሰኞ ካልተገኘ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ልታሰርም እችላለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ምነው በተቆጡኝ! ዱላ እንኳ ቢያነሡ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና ተነሡ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውሰደው! አንተ ከምትታሰር እኔ ይዝነብብኝ፤ ለምጄዋለሁ። ያ በርጩማ አለልህ፣ ውጣና ፍታው። ብቻ ፍራሹን ጠቅልዬ ጥግ ላስይዘው።»

በርጩማው ላይ ወጣሁ። ቋጠሮው ጠንካራ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ያሰረው። እትዬ ከሥሬ ሆነው ፍራሻቸውን ሲጠቀልሉ ይሰማኛል። የመጀመሪያው ቋጠሮ ላላ፣ ተፈታ። የባነሩ ጥግ ወደቀና ግራጫ ሰማይ ታየኝ። ሁለተኛውን ያዝኩ።

ያኔ ነው የተመታው። ከላይ፣ ከድልድዩ በኩል፣ የብረት ሳፋ በድንጋይ ሲመታ፤ ጓ! ጓ! ጓ! ወዲያው ቀረብ ብሎ ሌላ ሳፋ፣ ከዚያ ከጎናችን ሌላ። እትዬ ዘይነባ ፍራሹን ለቀው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳፋቸውን አወረዱና ደጃፋቸው ላይ ቆመው በድንጋይ መቱት። ከታች ያለው ቤት ተቀበላቸው፤ ከዚያ የታችኛው።

«ምንድን ነው?» አልኩ፣ በርጩማው ላይ እንደቆምኩ።

«እንጦጦ ዘንቧል! ውረድ! ወንዙ መጣ!»

8፡10፤ ደረጃው ላይ

እስካሁን ያልኩት ፍርሃት ፍርሃት አልነበረም። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው፤ ውኃው ሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ እግር ሥር ይሰማል። እትዬ ኩራዛቸውን፣ ቁርኣናቸውንና አንዲት ፌስታል ያዙ። «አንተ መኪናዋን ያዝ» አሉኝ። የስፌት መኪናዋን ራስ ከእግሯ ላይ አንሥቼ አቀፍኩ። ከባድ ናት፤ ነፍሴ የምትወጣ መሰለኝ። እሳቸው በሰባ ስንት ዓመታቸው ደረጃውን እኔን እየቀደሙ ይወጣሉ።

«አብሽር ወንዴ፣ አብሽር! ወደ ኋላ አትይ።»

አየሁ። ቡናማው ውኃ የነበርንበትን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ዋጠው። አንድ በርሜል እየተንከባለለ አለፈ። አንዲት ሴት ፍየሏን በአንገቷ ይዛ ከእኔ ኋላ ትጮኻለች። እናቴን ጠራሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እናቴን ጠራሁ።

ከላይ የሚኖሩት የሰፈሩ አዛውንት የጋሽ በቀለ ግቢ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀን። ሳፋው ሲመታ በሩ ይከፈታል፤ እኔ ሰፈሩን ከለቀቅሁ ወዲህ የለመዱት ነው። የወንዝ ዳሩ ሰው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ማን እንደቀረ ጋሽ በቀለ ራሳቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ማንም አልቀረም። ከፍታ ቦታው የት እንደሆነ ከሰሌዳው በቀር ሁሉም ያውቅ ኖሯል።

ዝናቡ ከዚያ በኋላ እኛም ላይ ወረደ። ጋሽ በቀለ በረንዳ ላይ ቆሜ ቁልቁል ያን ነጭ ጣራ ሳይ ቆየሁ። የፈታሁት ጥግ በነፋሱ ይነሣል ይወድቃል፤ በተነሣ ቁጥር ዝናቡ በዚያ ይገባል። እትዬ አጠገቤ ናቸው፤ እሳቸውም ያያሉ። የት አባቴ ልግባ!

ስልኬ ጮኸ። አነሣሁት።

«አገኘኸው?» አለ አቶ ጌታሁን።

«አገኘሁት።»

«አንተ አንበሳ! በል ይዘኸው ና።»

«አላመጣውም።»

«ምን?»

«ጣራ ሆኗል። ሰው ይኖርበታል» አልኩና ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

10፡00፤ እንደገና ወንዝ ዳር

ውኃው እንደመጣው ቶሎ ጎደለ። ስንወርድ እትዬ ቤት ደፍ ላይ የጭቃ ምልክት ትቷል፤ አንድ ስንዝር ገብቶ ተመልሷል። አልጋው ግን ከፈታሁት ጥግ በገባው ዝናብ ርሷል። የእኔ ሥራ ነው። በርጩማውን ከጭቃው አውጥቼ ጠረግሁና ወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ላስረው።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ሰኞ ነው እትዬ።»

ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። እሳቸው ከሥር ሆነው «ወደ ግራ ሳብ፣ አጥብቅ፣ እንዲያ» እያሉ መሩኝ። ሙሉ ያስያዘችኝን ዣንጥላ ከበራቸው ጀርባ ሰቅዬ ወጣሁ። ስሄድ፣ «አባትየው ዣንጥላውን የያዘበት እጅ ተጣሞ ነበር፣ አሁን ተስተካከለ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ሥዕሉን ነው።

12፡40፤ አያት

እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ቤት ገባሁ። ሙሉ ገና በሩ ላይ ሆና፣ «ምሳ አልበላህም» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሳፋውን ስነግራት ሳቀች፣ ቋጠሮውን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ፈርተሃል?»

«በጣም።»

ለኦዲተሮቹ የሚቀርበውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ተራ ቁጥር፣ ቦታ፣ ያለበት ሁኔታ። በአንድ፣ በሁለት፣ ከአራት እስከ ስምንት ባሉት ፊት፣ «በጥሩ ሁኔታ ቆሟል፤ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ። በሦስተኛው ፊት፣ «እሪ በከንቱ፣ ወንዝ ዳር፤ ጣራ ሆኖ በአገልግሎት ላይ ይገኛል። ሰኔ 30 ስፈርም አላየሁትም ነበር። ዛሬ አይቼዋለሁ። ያልመለስኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከታች «ለመጪው ዓመት አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ ነበረ። «የብረት ሳፋ» ብዬ ጻፍኩና ይስቁብኛል ብዬ ሰረዝኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ጻፍኩት።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ፣ ፈሪነቴ አልለቀቀኝም። ሃያ ሁለት ዓመት የፈራሁት ዕቃ እንዳይጎድል ነበር፤ ሰው እንዳይጎድል የሚፈሩትን ያየሁት ዛሬ ነው። እነሱ የሚቆጥሩት በጣታቸው ነው፤ ፊርማ የላቸውም።

ውጭ ዝናቡ ጀመረ። ብዕሬን አነሣሁ። የሰኔ 30ዋ ፊርማዬ ቀጥ ያለች፣ ያማረች ናት። የዛሬዋ ግን ተንቀጥቅጣ፣ ከመስመሩ ወጥታ፣ መጨረሻዋ ላይ ተጣማ ቀረች። ሙሉ በትከሻዬ በኩል አየቻትና፣ «ይቺ የአንተ አትመስልም» አለችኝ።

«የኔ ናት» አልኳት።